በማስታመምና በኀዘን ጊዜ ዳዊት ስለ መድገም

ሕመምተኛ በቤቱ ያላስተኛ ሰው የሌሊትን ርዝመት በውል አያውቀውም። ቀኑንስ የመንግሥት ሥራው፥ የጠያቂው መግባትና መውጣት፥ የቤቱም ጉዳይ እየተቀባበሉ ያሳልፉታል፤ ሌሊቱ ግን መብራቱ ዝቅ ካለ በኋላ የሚቀበለው ስለሌለ ከአስታማሚው ጋራ ብቻውን ይቀመጣል። እኛም ይህንን የተማርነው በሐረር ከተማ በጁገል ውስጥ፥ ከሸዋ በር እምብዛም በማይርቀው በአባታችን ቤት፥ እናታችንን አምስት ዓመት ያህል ባስታመምንበት ጊዜ ነው። በዚያም ዘመን መጽሐፈ ዳዊት ምን እንዳደረገልንና ምን እንዳላደረገልን ለመጻፍ ተነሥተናል። የምንጽፈውም ስለ ራሳችን ትጋት ለመመስከር አይደለም፤ አንባቢው ወደ ፊት እንደሚያየው በዚህ ነገር ውስጥ የእኛ ድርሻ ብዙ የሚያስመሰግን አይደለምና።

እናታችን መታመም የጀመሩት በ2009 ዓ.ም. በክረምቱ መግቢያ ነው። በመጀመሪያ ቁልፍ ያኖሩበትን ቦታ፥ ቀጥሎም የጎረቤት ስም፥ ከዚያም በኋላ ዕለቱ ምን እንደ ሆነ ይረሱ ጀመር። እኛም እርጅና ነው ብለን አቃልለን አየነው። ሐኪሙ ግን መርምረው የመርሳት ሕመም መሆኑን፥ መድኀኒቱም ጥቂት ሊያዘገየው ይችል እንደ ሆነ እንጂ ሊያድነው እንደማይችል በቀስታ ነገሩን። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ የማይነሡ ሆኑ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የከበደን አንድ ጥያቄያቸው ነበር። ፀሓይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ዐይናቸውን ወደ ደጁ አቅንተው «አባታችሁ ከችሎት ገቡ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። አባታችን በዳኝነት ሥራ ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ ያረፉትም በ1985 ዓ.ም. ነው። የእናታችን ጥያቄ ግን ያ ሁሉ ዓመት እንዳላለፈ ሆኖ ይመጣል፤ ከተመለሰላቸውም በኋላ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንደ ገና ይመጣል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ ከሠላሳ ጊዜ በላይ የቈጠርንበት ቀን አለ።

በ2011 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፥ አንድ ሌሊት፥ ከሥራ ደክመን ገብተን ነበርና ትዕግሥታችን አለቀ። «ከሞቱ እኮ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው! ስንት ጊዜ ይነገርዎታል?» ብለን ድምፃችንን ከፍ አድርገን መለስንላቸው። እናታችን ዝም ብለው ጥቂት ጊዜ አዩን። ከዚያም ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ስበው ባሏ ዛሬ እንደ ሞተባት ሴት አለቀሱ። ታናሽ እኅታችን ከመኝታዋ ተነሥታ መጥታ አቅፋ ያዘቻቸው፤ እኛን ግን አንዲት ቃል አልተናገረችንም። ዝምታዋም ከተግሣጽ ይልቅ የሚያሳፍር ነበር።

በማግሥቱ ጧት እናታችን የተናገርነውን ነገር ፈጽመው ረስተውት አገኘናቸው። ኀዘኑ ግን ከፊታቸው ላይ አልለቀቀም፤ ምክንያቱን የማያውቁት ኀዘን ቀኑን ሙሉ ሲከተላቸው ዋለ። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ይህንን እንዲያውቀው እንወዳለን፤ የተባለው ነገር ይጠፋል፥ የተባለው ነገር ያደረሰው ሕመም ግን ከሕመምተኛው ጋራ ይቀራል። እኅታችን ይህንን ከእኛ ቀድማ ዐውቃው ኖሮ፥ እናታችን ስለ አባታችን በጠየቁ ጊዜ መልስ በመስጠት ፈንታ «ዛሬ ጧት ሲወጡ ምን ለብሰው ነበር እማዬ?» እያለች መልሳ ትጠይቃቸው ነበር። እርሳቸውም ስለ ካባው፥ ስለ በቅሎዋ፥ አንድ ቀን በችሎት ላይ ስለ ተጣሉ ሁለት ባለርስቶች ሲተርኩ ጥያቄውን ይረሱታል። ይህም ማታለል ነው ወይስ አይደለም ብለን ከእኅታችን ጋራ ተከራክረናል፤ ክርክሩንም ገና አልጨረስነውም።

ዳዊቱን ያነሣነው እናታችን ባለቀሱበት በዚያ ሌሊት ነው። የእናታችን አባት ዳዊት ሲሆን በብራና የተጻፈ፥ ማኅደሩ የጠቈረ፥ ማንገቻውም ከብዙ ዘመን በፊት ተበጥሶ በሌላ ጠፍር የተተካ ነው። በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ የእናታችንና የወንድሞቻቸው ልደትና የክርስትና ስም በአያታችን እጅ ተጽፎበታል። ያነሣነውም ለጸሎት ተነሣሥተን አይደለም፤ እኅታችንን ፊት ለፊት ላለማየት ዐይናችንን የምናሳርፍበት ነገር ፈልገን ነው።

በልጅነታችን በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቈጥረን ዳዊት ደግመናል። በዚያ ዘመን «ዳዊት ደገመ» ማለት ማንበብ ዐወቀ ማለት ነበር፤ ልጅ ዳዊቱን የጨረሰ ዕለት ወላጆች ይደግሳሉ፥ መምህሩም ይመርቃሉ። ነገር ግን የተማርነው ንባቡን እንጂ ምሥጢሩን አልነበረም፤ አፋችን ያውቀዋል፥ ልባችን ግን አልሰማውም ነበር ብንል ይቀላል። አሁን ግን ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠን ስንደግም «መድገም» የሚለው ቃል ራሱ አሳሰበን። አንዱን መዝሙር በየሳምንቱ ሳንሰለች መድገማችንን እንደ ጽድቅ እየቈጠርን፥ እናታችን አንዱን ጥያቄ ቢደግሙት ተቈጥተናልና።

አባቶች ዳዊትን ለሳምንቱ ዕለታት የከፈሉት እንዲህ ነው፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፥ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፥ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፥ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፥ ዓርብ ከ111 እስከ 130፥ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል፤ እሑድም ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይነበባል። ዐሥር ዐሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ስለሚባል ጠቅላላው 15 ንጉሥ ነው። ይህ ክፍፍል ለአስታማሚ ምን ያህል እንደሚጠቅም ቀድሞ አላሰብነውም ነበር። ሕመምተኛ ባለበት ቤት ዕለቱ ከዕለቱ አይለይም፤ እናታችን ማክሰኞና ዓርብ ቢጠፋባቸው እኛም ሳንታመም ይጠፋብን ነበር። ዳዊቱን ከያዝን ወዲህ ግን የተገለጠው ቅጠል ዛሬ ምን ቀን እንደ ሆነ ይነግረን ጀመር። የመጀመሪያው ጥቅሙ ይኸው ነበር፤ ትንሽ ነገር ቢመስልም አናቃልለውም።

በአራተኛው ሌሊት ይመስለናል፥ በ50ኛው የንስሐ መዝሙር ላይ አንድ ቃል ተሳሳትን። ወዲያው ከአልጋው ላይ ደካማ ድምፅ ተነሥቶ አረመን፤ አርሞም አላበቃም፥ እስከ መጨረሻው ድረስ አብሮን ወረደ። እናታችን ፊደል አልቈጠሩም፤ በርሳቸው ዘመን ሴት ልጅን ወደ ቄስ ትምህርት ቤት የሚሰድ ጥቂት ነበርና። ነገር ግን አባታቸው በየማለዳው ሲደግሙ ከምድጃው ዳር ሆነው እየሰሙ በጆሮአቸው ይዘውት ኖሯል። ደስታችን ልክ አልነበረውም። መዝሙሩ ባለቀ ጊዜ ግን እናታችን ወደ እኅታችን ዘወር ብለው «እኒህ ደብተራ ደክሟቸዋል፤ ቡና ስጧቸው» አሉ።

እኅታችን ሣቀች፤ እኛም አብረን ሣቅን። ቡናውም መጣልን፥ ጠጣነውም። ወደ መኝታችን ከሄድን በኋላ ግን በዳዊት ላይ ቀናን። አንባቢ ይህንን ቢሰማ ይስቅብን ይሆናል፤ ቢሆንም እውነቱ ይህ ነው። የበኵር ልጃቸው የእኛ ስም ከልባቸው ወጥቶ ሳለ በልጅነታቸው ከምድጃ ዳር የሰሙት መዝሙር አንዲት ፊደል ሳይጐድልበት በቦታው ተቀምጧል። ከእኛ ቀድሞ ስለ ገባ ከእኛ ዘግይቶ ይወጣል ብለን ራሳችንን ለማጽናናት ሞከርን፤ ይሁን እንጂ ያን ሌሊት ማጽናናቱ አልተሳካልንም።

ቅናቱ ግን አንድ በጎ ነገር አመጣልን። እናታችን የያዙት ይህ ነገር ምን እንደ ሆነ በርግጥ ለማወቅ ፈለግን። በፈረስ መጋላ በመድኀኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን፥ ሐረር በ1879 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ በልዑል ራስ መኰንን ዘመን በታነጸው ደብር፥ ትርጓሜ የሚያውቁ አንድ አረጋዊ መምህር ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ወደርሳቸው እየሄድን ዳዊትን በአንድምታ መማር ጀመርን። የአንድምታ ትምህርት፥ ላልደረሱበት ለመግለጥ ያህል፥ አንዱን ንባብ አንሥቶ አንድ ጊዜ እንዲህ ነው፥ አንድም እንዲህ ነው እያለ ልዩ ልዩ ትርጓሜ የሚያቀርብ ነው፤ አንዱን ለማጽናት ሌላውን አይሽርም። እኛ ግን በመሥሪያ ቤት ልማድ አንዱን መልስ ብቻ እንፈልግ ስለ ነበር መምህሩን በመጀመሪያ ብዙ አደከምናቸው። «የትኛው ነው እውነተኛው?» ብንላቸው «ሁለቱንም ይዘው ይሂዱ፤ የሚያስፈልግዎ ቀን የትኛው እንደ ሆነ ያን ጊዜ ያውቁታል» ይሉን ነበር።

በመንገድ ላይ ያገኘነውን አንድ ነገር እዚህ እንጨምር። በግእዝ ፊደል በማተሚያ መሣሪያ ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው ይኸው ዳዊት ነው፤ በ1513 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር፥ በሮም ከተማ፥ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ አሳተመው። ያ ሰው ንባቡን የሰማው መነኮሳቱ ሲያዜሙ እንደ ሆነ ይነገራል። እናታችን በጆሮ፥ ፖትከንም በጆሮ መጀመራቸው ደስ አሰኘን። ደግሞም በውጭ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡ ሰዎች እንዳይሳሳቱ፥ የግእዙ ዳዊት ቍጥር የሰብዓ ሊቃናትን የሚከተል ስለ ሆነ ከ10 እስከ 146 ባለው በአብዛኛው ከዕብራይስጡ በአንድ ያንሳል፤ የእኛ 87ኛ በነርሱ 88ኛ ነው።

ትምህርቱን ስንጀምር ዳዊት የምስጋና መጽሐፍ ነው የሚል አሳብ ነበረን። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሲሶ ያህሉ ልቅሶና አቤቱታ ነው። በ6ኛው መዝሙር ሰውየው ከልቅሶ ብዛት መኝታው እስኪርስ ድረስ ደክሞ እናገኘዋለን፤ በ70ኛው የሚጸልየው ጕልበቱ ያለቀ ሽማግሌ ነው፥ ፍርሃቱም በእርጅናው እንዳይጣል ነው፤ በ76ኛው ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው የድሮውን ዘመን እያሰበ እግዚአብሔር ረሳኝ ወይ ብሎ ደጋግሞ ይጠይቃል። ይህ ሰው ጥያቄውን መደጋገሙን ባየን ጊዜ የእናታችን ጥያቄ ትዝ አለን። መምህሩም «ይህ ሁሉ አቤቱታ ለማን ነው የቀረበው?» ብለው ጠየቁን። እኛ የዳኛ ልጆች ነንና ነገሩ ቶሎ ገባን፤ ሰው አቤቱታውን የሚያቀርበው ይሰማኛል ብሎ ወደሚያስበው ችሎት ነው፤ ተስፋ የቈረጠ ሰው ማመልከቻ አይጽፍም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በልባችን ውስጥ የነበረውን ማጕረምረም እንደ ክሕደት መቍጠር ተውን። ሕመሙ አልቀነሰም፥ ሌሊቱም አላጠረም፤ ነገር ግን የምንለው ነገር አገኘን።

ወዲያው ግን ሌላ ስሕተት ውስጥ ገባን። ትምህርቱ ስለ ጣመን መጽሐፉ መሸሸጊያችን ሆነ። እኛ በወንበር ላይ ተቀምጠን ቅጠል ስንገልጥ እኅታችን አንሶላ ትለውጣለች፤ እኛ ስለ ኀዘን ምሥጢር ስንመራመር ከእርሷ ጋራ የምትሠራው ልጅ ውሃ ታሞቃለች። ከአልጋ የማይነሣ ሕመምተኛ ቍስል እንዳያወጣ በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን መገላበጥ እንዳለበት፥ ምግብም ሲሰጠው ወደ ሳንባው እንዳይገባ ቀና ተደርጎ ተደግፎ መሆን እንደሚገባው ሐኪሙ አዝዘው ነበር። ይህንን ሁሉ የምትፈጽመው እኅታችን ነበረች። አንድ ሌሊት እናታችንን ልታገላብጥ ብቻዋን ስትታገል ቀና ብላ አየችንና፥ «ወንድም ጋሼ፥ ዳዊቱን አይተዉ፤ ነገር ግን በአንድ እጅዎ ትራሱን ይያዙልኝ» አለችን።

ሳምንት ሳይሞላ በትምህርታችን 40ኛው መዝሙር ላይ ደረስን። ይህ መዝሙር ለድኻና ለደካማ የሚያስብን ሰው የሚያመሰግን ሲሆን፥ እግዚአብሔርም በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ እንደ አስታማሚ ሆኖ ይነገርበታል፤ መኝታን ስለ ማገላበጥ እንኳ ያነሣል። መምህሩ የመኝታው መለወጥ ሕመምተኛው ተፈውሶ መነሣቱ ነው ብለው ተረጐሙልን። እኛም፥ ድፍረት ካልሆነ፥ «አንድም እንደ ቃሉ መኝታውን ማገላበጥ ሊሆን አይችልም ወይ?» ብለን የእኅታችንን ነገር ነገርናቸው። መምህሩ ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ሴቲቱ ከእርስዎ ቀድመው ተርጕመውታል» አሉ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት ያለውን ተራ እኛ ያዝን። ዳዊቱን በአትሮንስ ላይ ዘርግተን ሁለት እጃችንን ለሥራው አዋልን። የእናታችን ሰውነት እንዴት እንደ ቀለለ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ እንደ እኛ ሹመትና ሥራ ያላቸው ወንድሞቻችን ቅር ባይላቸው አንድ ነገር እንናገራለን። ወላጅ ሲታመም ገንዘብ እንሰጣለን፥ ሐኪም እናመጣለን፥ ጠያቂ ስንቀበል በአልጋው ራስጌ እንቀመጣለን፤ ሌሊቱንና የሰውነቱን ሥራ ግን ለሴቶቹና ለቤት ሠራተኞች እንተዋለን። ይህም ክብራችንን የሚጠብቅ ሥርዐት ይመስለናል። እኛ በዚህ ሥርዐት ሁለት ዓመት ኖረን አይተነዋል፤ ከእናታችን ጋራ የነበረንን ሁለት ዓመት እንዳስቀረብን እንጂ ክብር እንደ ጨመረልን አናስታውስም።

የሐረር ሌሊት እንግዳ ለሆነ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር አለበት። በቅጥሩ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ጅቦች ወደ ከተማው ይገባሉ፥ በጠባቦቹ መንገዶችም እየዞሩ ጥራጊውን ይለቅማሉ፤ ከበር ውጭም በእጃቸው ሥጋ የሚያጐርሷቸው ሰዎች አሉ። እኛ ግን ከልጅነታችን የለመድነው ስለ ሆነ፥ የጅቡ ድምፅ ከመስኮቱ በታች ሲያልፍ ሌሊቱ ከእኩሌታው እንዳለፈ ምልክት አድርገን እንወስደው ነበር። ወደ ንጋት ግድም ከመስጊዶቹ ሁሉ አዛን ይነሣል፤ በ1998 ዓ.ም. ጁገል በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጻፍ በውስጡ 82 መስጊዶች መኖራቸው ተነግሯል። የመድኀኔ ዓለም ደወልም ይከተላል። በ129ኛው መዝሙር ነጋ አልነጋ እያለ ንጋትን የሚጠባበቅ ዘበኛ ይነሣል፤ እኛም የዚያን ዘበኛ ሥራ በዚያ መስኮት ሥር ሠርተናል።

ከግድግዳችን ማዶ የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት የሐረሪ እናት የእናታችን የብዙ ዘመን ወዳጅ ነበሩ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ከቡና ቅጠል የተፈላ መጠጥ በወተት አድርገው ይዘው እየመጡ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጡ ነበር። አንድ ማለዳ ንባባችንን ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ይህ የነቢዩ ዳውድ ዘቡር አይደለም ወይ?» ብለው ጠየቁን። ነው ብንላቸው «እንግዲያስ ስለ እኔ አታቋርጥ» አሉንና መቍጠሪያቸውን ያዙ። እናታችን እኛን ደብተራ እያሉ ሲጠሩን፥ እኒህን ወዳጃቸውን ግን እስከ መጨረሻው በስማቸው ይጠሩ ነበር። በዚህም ቀንተናል፤ ሆኖም ቅናቱ ከፊተኛው ያነሰ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. በትምህርታችን 87ኛው መዝሙር ላይ ደረስን። ብዙዎቹ የልቅሶ መዝሙሮች በመጨረሻ ወደ ምስጋና ይመለሳሉ፤ ይህ ግን አይመለስም። ሰውየው ከልጅነቱ ጀምሮ መከራ እንዳልተለየው፥ ቀንና ሌሊት እንደ ጮኸ፥ በቁሙ ከሙታን ጋራ እንደ ተቈጠረ ይናገርና ወዳጅና ዘመድ ከርሱ መራቁን ተናግሮ እዚያው ላይ ያበቃል። ቅጠሉን ገለበጥነው፤ የሚከተለው ሌላ መዝሙር ነው። መምህሩን «ይህንን ለምን አባቶች ተዉት? መጨረሻ የለውምሳ» አልናቸው። «መጨረሻ ያላገኘ ሰው ምን ይድገም?» ብለው መለሱልን። በዚህ ላይ ሌላ አንድምታ አልጨመሩም።

የካቲት 10 ቀን 2014 ዓ.ም. ዕለቱ ሐሙስ ነበረ። ሌሊቱን ተራችንን ጠብቀን፥ ሲነጋ የሐሙስን ዳዊት ከ81 ጀምረን 86ን ስንጨርስ የሥራ ሰዓት ደረሰብን። ከእናታችን ነጠላ ጥለት አንዲት ቀይ ክር ተነቅላ ነበርና እርሷን 87ኛው መዝሙር ላይ አድርገን መጽሐፉን ከደንን። ያን ቀን ወደ መሥሪያ ቤት የወሰደን ጉዳይ ምን እንደ ነበረ ዛሬ ብንጠየቅ አናስታውሰውም፤ አጣዳፊ መስሎን እንደ ነበረ ብቻ እናውቃለን። ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ እናታችን ዐረፉ።

እኅታችን ብቻዋን ነበረች። በኋላ እንደ ነገረችን፥ እናታችን ዐይናቸውን ወደ ደጁ አቅንተው «ገቡ ወይ?» ብለው ጠየቁ። እርሷም በዚያን ጊዜ ስለ ልብሱና ስለ በቅሎዋ ለመጠየቅ ልብ አልሆናትም፤ «ገብተዋል እማዬ» አለቻቸው። ከዚህ በኋላ ሌላ አልተናገሩም። እኅታችን ይህንን ስትነግረን አንገቷን ደፍታ ነበር፤ በፊት የተከራከርነውን አስባ ይሆናል። እኛም አንዳች አልመለስንላትም።

ያን ሌሊት ካህናቱና ዲያቆናቱ በአስከሬኑ ዙሪያ ሆነው ዳዊቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገሙ። እኛ ግን ከውጭ በድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን አንዱንም ቃል አልሰማንም። የዕድራችን ሰዎች መጡ፤ ያቺ ጎረቤታችንም ከአፎቻቸው፥ ማለት ሐረሪዎች ለሠርግና ለኀዘን ከሚሰበሰቡበት ማኅበራቸው፥ ብዙ ሴቶች አስከትለው መጥተው ከእኅታችን ጋራ ተቀመጡ። አንድ ሽማግሌ ሊያጽናኑን፥ ልዑል ራስ መኰንን በ1886 ዓ.ም. ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺ እመቤትን እንዴት እንዳጡ፥ ራሳቸውም በመጋቢት 1898 ዓ.ም. በቍልቢ ዐርፈው በዚሁ በሐረር በቅዱስ ሚካኤል እንደ ተቀበሩ፥ ትልቁም ትንሹም ከዚህ እንደማያመልጥ ተናገሩ። በትሕትና አመሰገንናቸው። ይሁን እንጂ የትልቆች ኀዘን የእኛን ኀዘን አላሳነሰውም፤ ይልቁንም ያን ጊዜ የሁለት ዓመት ሕፃን እንኳ ያልሞላውን ልጃቸውን እያሰብን ኀዘናችን ላይ ኀዘን ጨመርን።

ከቀብሩ በኋላ ዳዊቱን ለመክፈት አልቻልንም። ሣልስቱ፥ ሰባቱ፥ አርባው አለፈ። ሌሊት በተራችን ሰዓት፥ በ6 ሰዓት፥ ያለ ቀስቃሽ እንነቃለን፤ እጃችን ትራስ ይፈልጋል። መጽሐፉ በአትሮንሱ ላይ አለ፤ ክሯም በጠርዙ ወጥታ ትታያለች። ከዚህ ቀደም ዳዊት ያጽናናናል ብለን ለብዙ ሰው ተናግረን ነበርና፥ እንዴት ሰነበታችሁ እያሉ የሚጠይቁን ሁሉ ስለ ዳዊት ሲያነሡብን እናፍር ነበር።

ከሰማንያው በኋላ፥ ሐሙስ ቀን፥ ከፈትነው። ከመጀመሪያው ሳይሆን ክሯ ካለችበት ጀመርን። 87ን ደገምን፥ ከርሱም በኋላ እስከ 110 ድረስ የሐሙሱን ጨረስን። ልቅሶ መጣብን፥ ግን አላቋረጠንም። ሲያበቃ ክሯን አንሥተን ወደ ዓርቡ ልንወስዳት አሰብንና ተውናት፤ እስከ ዛሬም እዚያው ናት። በመጨረሻው ቅጠል ላይም ከአያታችን ጽሕፈት ሥር የእናታችንን የዕረፍት ቀን ጻፍን፤ ጽሕፈታችን ከርሳቸው ጽሕፈት ጋራ ሲተያይ ያሳፍራል።

አሁን የምንደግመው በዚያው ክፍል ነው፤ አልጋው ግን ወጥቷል። እኅታችን በማለዳ ከጓዳ ሆና ቡናውን ስታፈላ ትሰማናለች። በዚህ ሰሞን በ118ኛው፥ በረጅሙ መዝሙር፥ ከ176ቱ ንባቦች በአንዱ ላይ ተሳስተን ልናልፍ ስንል የጀበናውን ድምፅ አቋርጣ ከጓዳ አረመችን።